ኩርባ ላይ መኪናን የሚይዘው ምንድን ነው?

ጎሚስታ ቤት ቀጠሮ ይዞ የሚሄድ ሰው የለም። ጎማ ሲተነፍስ ይኬዳል፣ ጎማ ሲለጠፍ ይመለሳል። ስለዚህ ሊቀ ኩርባና ምራታቸው በዚያ ከሰዓት በኋላ እዚያ ግቢ ውስጥ መገናኘታቸው የማንም ሐሳብ አልነበረም። እሳቸው የሚኒባሳቸው የኋላ ጎማ ተንፍሶባቸው መጥተዋል። እሷ ደግሞ ፊዚክስ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትመለስ ዝናብ ይዟት፣ ጎሚስታው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ልትጠለል ገባች።

«ሊቀ ኩርባ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው የመናኸሪያው ሹፌሮች ናቸው። ከላይኛው ከተማ ወደ ታችኛው የሚወርደው መንገድ እኩሌታው ላይ ሲደርስ በገደል አፋፍ የሚታጠፍ ክፉ ኩርባ አለው። የስንቱን ቤት አስለቅሷል። እሳቸው ግን ጠጉራቸው ጥቁር ከነበረበት ዘመን ጀምሮ በዚያ ሲመላለሱ አንድ ቀን እንኳ ጎማቸው ከአስፋልቱ ወርዶ አያውቅም። ምስጢሩን ሲጠየቁ የመኪናውን የኋላ በር ከፍተው ያሳያሉ፤ ከመጨረሻው ወንበር ጀርባ ሁለት ጥርብ ድንጋዮች ተጋድመዋል። «ቀላል መኪና ኩርባ ይወረውረዋል፤ ከባድ መኪና ግን መሬት ይቆነጥጣል» ይላሉ። ሹፌሮቹም ሰምተው ዝም አላሉም፤ ዛሬ በዚያ መስመር ድንጋይ ሳይጭን የሚወጣ ሚኒባስ ማግኘት ያስቸግራል። ሰውዬው ደግ ናቸው፣ የሚያውቁትን አይሰስቱም። ለካ ደግነትም ሳያውቁት ጥፋት ያስተምራል!

ምራታቸው ስትገባ ድንጋዮቹ ለክሪኩ እንዲመች ወርደው ጭቃው ላይ ተቀምጠዋል። ጎማው ተለጥፎ ገብቷል። ሽማግሌው በአንድ እጃቸው ወገባቸውን ይዘው በሌላው አንዱን ድንጋይ ሊያነሱ ይታገላሉ።

«ኧረ አባባ! ወገብዎን ሊቆርጡት ነው እንዴ?»

«እንዴት ዋልሽ ልጄ? ነይ፣ ነይ ከዝናቡ ውጪ። ያው ባልሽ ነገ መሪውን ይረከበኝ የለ? ሐኪሙ ‹ዓይንህ በቅቶታል› ብሎኛል። እንግዲህ መኪናውን ሳስረክበው ጎዶሎ እንዳይሆን ብዬ ነው።»

«ውርስ ነው እኮ እቴ!» አለ ጎሚስታው፣ የሌላ መኪና ካላማዳሪያ ውሃ ውስጥ እየነከረ። «ሌላው ለልጁ መሬት ያወርሳል፣ ጋሼ ድንጋይ ያወርሳሉ።»

«አንተ ቀዳዳህን ፈልግ!» አሉት እየሳቁ።

ምራቲቱም ሳቀች። ቀጥላ ግን «ለመሆኑ ስለ ኩርባው ምን ብለው መከሩት?» ብላ ጠየቀች።

«ምን እለዋለሁ? ድንጋዩን ከጫንክ አትፍራ፣ እንደመጣህ ግባ፣ ድንጋዩ ይይዝሃል አልኩት። እሱም ጎበዝ ነው፤ ድንጋዮቹ እንዳይንሸራተቱ በያጅ ዘንድ ሄዶ የብረት ማቀፊያ አሠርቶላቸዋል። ተመልከቺውማ፣ እንዴት ያለ ሥራ ነው!»

ልጅቷ ወደ መኪናው ጎንበስ ብላ ማቀፊያውን አየች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፍቷል። ሽማግሌው ይህን አዩና ደነገጡ፤ ምራታቸውን እንደ ልጃቸው ነው የሚወዷት።

«ምነው ልጄ?»

«አባባ፣ ትናንት ማታ እራት ላይ ‹ከነገ ወዲያ ኩርባውን በስልሳ ነው የምገባው› ሲል ሰምቼው ጉራ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ከልቡ እንደሆነ ገባኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ እንዳይቆጡኝ።»

«መቼ ተቆጥቼሽ አውቃለሁ?»

«ኩርባ ሲገቡ ገላዎ ወደ ውጭ ሲገፋ ይሰማዎታል አይደል? የሚገፋዎት ማን ነው?»

«ኩርባው ነዋ!»

«ኩርባው እጅ አለው እንዴ አባባ?»

ጎሚስታው ሳቁን ለመደበቅ ሳሉን አበዛው። ሽማግሌው ትንሽ ቆጣ አሉ። በዕድሜያቸው ሙሉ የበሩ ብረት ትከሻቸውን ሲገፋው የኖሩ ሰው ናቸውና፣ ይህን የመሰለ ጥያቄ ዓሣን ውሃ ምን ይመስላል ብሎ እንደመጠየቅ ቆጠሩት።

«እሺ አንቺ ንገሪኝ፤ ማን ነው?»

«ወደ ውጭ የሚገፋዎት ማንም የለም። የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ካልነኩት በቀር ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። መሪውን ሲያጥፉ መኪናው ከሥርዎ ይታጠፋል፣ የእርስዎ ገላ ግን ገና በቀድሞው አቅጣጫ ላይ ነው። በሩ መጥቶ ትከሻዎን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። እርስዎ ደግሞ ወደ ውጭ የተወረወሩ ይመስልዎታል። ማንኛውም ነገር ክብ ሆኖ እንዲዞር ሁልጊዜ ወደ መሃል የሚስበው ይፈልጋል። ሳቢው የተቋረጠ ዕለት ያበቃለታል፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።»

«አይ ልጄ!» አሉ ሊቀ ኩርባ በእርጋታ። «እንዳይከፋሽ እንጂ፣ ‹ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም› ይባላል። መጽሐፉ ኩርባውን አያውቀውም።»

«መጽሐፉን ይተዉት፤ በዓይንዎ ይዩት።»

ከመሬት አንድ እርጥብ ጨርቅ አነሳች፣ አጥብቃ ቋጠረችው፣ በሲባጎ አሰረችውና ግቢው መሃል ቆማ ከራሷ በላይ ታሽከረክረው ጀመር።

«አሁን ሲባጎውን የምለቀው ጨርቁ በእርስዎ ፊት ለፊት ሲያልፍ ነው። ወዴት የሚሄድ ይመስልዎታል?»

«ወዴት ይሄዳል? ወደ ውጭ ነዋ፣ ወደ እኔ! ኧረ ተይ አንቺ ልጅ፣ ልብሴን!»

ለቀቀችው። ሊቀ ኩርባ በዕድሜያቸው በማይጠበቅ ፍጥነት ቁጢጥ አሉ። ጨርቁ ግን በአጠገባቸው እንኳ አላለፈም፤ ወደ ጎን ቀጥ ብሎ ሄዶ ከጎማው ክምር ላይ ተለጠፈ። ጎሚስታው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሽማግሌው ቁጢጥ ካሉበት ቀና ብለው ወደ ጨርቁ፣ ከዚያ ወደ ልጅቷ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ጨርቁ ተመለከቱ።

«ድገሚው» አሉ።

ደገመችው። ጨርቁ እንደገና ወደ ጎን ሄደ።

«አዩ አባባ? ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ቢኖር ኖሮ ፊትዎ ላይ ነበር የሚያርፈው። ያለው ግን ሲባጎው ብቻ ነው፣ እሱም ወደ እጄ ይስበዋል። ስለቀው በነበረበት አቅጣጫ ቀጥ አለ። ከኩርባው የሚወድቅ መኪናም እንደዚሁ ነው፤ ማንም አልወረወረውም፣ የያዘው ነገር ለቀቀው እንጂ።»

«መኪናዬ መቼ ሲባጎ አለው?»

«አለው እንጂ። ጎማዎ አስፋልቱን የነካበት ቦታ ነው ሲባጎው። አራቱም ቢደመሩ አንድ የሻይ ትሪ አያክሉም። ጎማና አስፋልት ተፋትገው የሚያያዙበትን ኃይል እኛ ሰበቃ እንለዋለን። ኩርባው ላይ መኪናውን ወደ መሃል የሚስበው እሱ ብቻ ነው።»

ሊቀ ኩርባ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። በክርክር የተሸነፈ ሰው ድንገት በር ሲከፈትለት እንዴት ደስ እንደሚለው ታውቃላችሁ።

«ይኸውልሽ! በገዛ አፍሽ! ድንጋዩ ጎማውን ወደ ታች ይጫነዋል፣ የተጫነ ጎማ አስፋልቱን ይበልጥ ይይዛል። የኔው ነገር አይደለም እንዴ?»

«ግማሹ እውነት ነው» አለች ምራታቸው፣ ያለ ማሾፍ። «ይበልጥ ይይዛል። ግን ባዶ ጋሪና ሙሉ ጋሪ ለመጠምዘዝ እኩል ነው? የከበደ ነገር ቀጥ ብሎ መሄዱንም ይበልጥ ያጠብቃል። መኪናዎ በእጥፍ ሲከብድ የጎማው አያያዝ በእጥፍ ይጨምራል፣ መኪናውን ለማጠፍ የሚያስፈልገውም በእጥፍ ይጨምራል። ያኛው የሰጠውን ይኼኛው ይበላዋል። ትርፉ ባዶ ነው።»

«ይኼ ወሬ ነው። ጨርቁን አሳየሽኝ፣ ተቀበልኩ። ይኼን ደግሞ አሳዪኝ።»

እዚህ ላይ ስለ ሽማግሌው አንድ ነገር መናገር ይገባል። ብዙ ሰው በዚህ ዕድሜ «አንቺ ማን ነሽና!» ብሎ ይነሳል፣ ወይም ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። እሳቸው ግን አሳዪኝ ነው ያሉት። አሳዩኝ የሚል ሰው ቢሳሳትም አይጠፋም።

ጎሚስታው ቸርኬ ቀለም ሲቀባ የሚያሽከረክረው ነገር ነበረው፤ መሬት ውስጥ የተቀበረ አሮጌ የመኪና አክስል፣ አናቱ ላይ በኩሽኔታ የሚዞር ክብ ላሜራ። ልጅቷ ከመደርደሪያው የጎማ ማጣበቂያ የሚመጣባቸውን ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ሳጥኖች ሁለት አነሳች። አንዱን ባዶውን ተወችው። ሌላውን ለሊቀ ኩርባ ሰጠችና «በእጅዎ ይሙሉት» አለቻቸው። እሳቸውም የወዳደቀ ዳዶና ብሎን እየለቀሙ ጠቀጠቁት። ሁለቱን ሳጥኖች ከመሃሉ እኩል አርቃ፣ አንዱን በዚህ፣ አንዱን በዚያ አስቀመጠች።

«የትኛው ቀድሞ ይወድቃል?»

«ባዶው! ያለጥርጥር ባዶው። የኔው አይነቃነቅም።»

«ጋሼ፣ እኔም ከእርስዎ ጋር ነኝ» አለ ጎሚስታው። እጁን ጠርጎም ላሜራውን መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ እየፈጠነ ያዞረው ጀመር። ሳጥኖቹ አብረው ዞሩ። ፍጥነቱ ሲጨምር ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተንሸራተቱና ከላሜራው ወደቁ። ባዶው ጭቃው ላይ አረፈ። በዳዶ የተሞላው ግን ተፈናጥሮ የጎሚስታውን የሻይ ብርጭቆ ሰባበረው።

«ወይኔ ብርጭቆዬ!»

ሊቀ ኩርባ ብርጭቆውን አላዩትም። ሳጥኑን አነሱ፣ ከፍተው አዩት፣ ሌላ ዳዶ ጨመሩበት፣ ቦታ ቀያየሩ፣ ላሜራውን በገዛ እጃቸው አዞሩት። ሁለቱም እኩል ወደቁ። አሁንም አዞሩት። እኩል ወደቁ። ዝናቡ አባርቷል።

«እንግዲያው» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ሰልሎ፣ «እንግዲያው እኔን ይኼን ሁሉ ዘመን ማን ያዘኝ? ውሸት ነበር የኖርኩት?»

ልጅቷ ልቧ ተነካ። አጠገባቸው ሄዳ ቆመች።

«አባባ፣ ኩርባው ሊደርስ ሲል እግርዎ ምን ያደርጋል?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀኝ እግራቸው ጭቃው ላይ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ እጃቸውም አየሩ ላይ ማርሽ ለወጠ።

«ነዳጁን እለቃለሁ… ፍሬን ትንሽ ነካ፣ ማርሽ እቀንሳለሁ። እስከ ሠላሳ አወርደዋለሁ።»

«ለምን?»

«ለምንማ… ድንጋዮቹ ተንሸራተው የኋላ በሬን እንዳይገነጥሉት ነዋ!»

ይህን እንደተናገሩ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ጎሚስታውም የብርጭቆውን ስብርባሪ መልቀሙን ተወ።

«ያዳነዎት ድንጋዩ አይደለም» አለች ምራታቸው። «ድንጋዩን ፈርተው ቀስ ማለትዎ ነው። እግርዎ ሊቅ ነው አባባ፤ ምስጋናውን ግን ለድንጋዩ ሰጡት። አሁን ልጅዎ ድንጋዩን ወረሰ፣ ፍርሃቱን ግን በብረት አሰረው። ምን ያዘገየዋል?»

ሊቀ ኩርባ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ያንን ያማረ የብረት ማቀፊያ በዓይናቸው ፊት አዩት፤ ባለፈው ሳምንት «ጎበዝ!» ብለው የልጃቸውን ጀርባ መታ መታ ያደረጉበትን ማቀፊያ።

«በስልሳ ቢገባስ?»

«እዚህ ላይ ነው ክፋቱ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መኪናውን ኩርባው ላይ ለመያዝ የሚያስፈልገው ኃይል እጥፍ አይደለም፤ አራት እጥፍ ነው። እርስዎ በሠላሳ ሲገቡ ጎማው አንድ ኩንታል ይጎትት ከነበረ፣ እሱ በስልሳ ሲገባ አራት ኩንታል ጎትት ይለዋል። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ጎማው የቀድሞውን ያህል እንኳ አይዝም። ጭነቱ ኋላ ስለሆነ አንዴ ጅራቱ ከሾለከ መመለሻ የለውም።»

«በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ…» አሉ ሽማግሌው ለራሳቸው። «ልጄን በእጄ ልገድለው ነበር።»

«አልገደሉትም። ነገ ነው የሚወጣው፤ ዛሬ ማታ ይነግሩታል።»

ድንጋዮቹ እዚያው ጭቃው ላይ ቀሩ። ጎሚስታው ማቀፊያውን በመፍቻ ፈታው። ልጅቷም ልጃቸው ምን መባል እንዳለበት አስረዳቻቸው። ፍጥነት የሚቀነሰው ኩርባው ሳይደርስ ቀጥታው ላይ ነው፤ ኩርባው ውስጥ ፍሬን የያዘ ሰው ጎማው ለመታጠፍ የሚያስፈልገውን አያያዝ ለማቆም ያባክነዋል። ያለቀ ጎማ ይቀየራል። ጣሪያ ላይ የሚከመረውም ይቀንሳል፣ አናቱ የከበደ መኪና ይገለበጣልና። «ትርፉን ያስቡት» አለች፤ «ቀስ ብሎ የገባ መኪና ጎማው ይቆያል፣ ነዳጁ ይቆጠባል፣ ተሳፋሪው አያስመልስም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጅዎ ማታ ቤቱ ይገባል።»

«ቤትሽ በይ እንጂ» አሉ ሽማግሌው። እሷም ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ሌሎቹ ሹፌሮችስ አባባ? ድንጋይ ያስጫኗቸው እርስዎ ነዎት።»

ፊታቸውን አዞሩ። «ለልጄ እነግራለሁ። እነሱን ግን ተዪኝ። በስተርጅናዬ የመናኸሪያ መሳቂያ አልሆንም።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚባለው ይህ ነው። ምራታቸው አልገፋፋቻቸውም፤ በአንድ ቀን ብዙ አሸንፋለች።

በማግስቱ ጠዋት ልጁ መሪውን ያዘ። አባትየው ከኋላው ባለው ወንበር እንደ ተሳፋሪ ተቀመጡ። ማታ ቁጭ ብለው ሁሉንም ነግረውታል፤ ልጁም መጀመሪያ ስቆ፣ በኋላ ደግሞ በሚስቱና በአባቱ መካከል ተቀምጦ ሳይስቅ ሰምቷል። መንገዱ ከትናንቱ ዝናብ አልደረቀም። ኩርባው ከርቀት ሲታይ ልጁ ነዳጁን ለቀቀ፣ ፍሬን ነካ፣ ማርሽ ቀነሰ። አባትየው የፍጥነት ቆጣሪውን በትከሻው ላይ አሻግረው ለማየት ሞከሩ፤ ዓይናቸው ግን አላደረሳቸውም።

መኪናው ገባ። እኩሌታው ላይ ሲደርስ የኋላ ጎማው ድንገት ከሥራቸው ሾለከ። አንዲት ሴት ጮኸች። ጅራቱ አንድ ክንድ ያህል ወደ ገደሉ ተንሸራተተ፤ ከዚያ ጎማው ንጹሕ አስፋልት አገኘና ያዘ። ልጁ መሪውን በቀስታ መለሰው። ኩርባውን ወጥተው ዳር ላይ ቆሙ።

«ናፍጣ ነው» አለ ልጁ። «የሆነ መኪና ናፍጣ አፍስሶበታል። አባባ… በስልሳ ብገባ ኖሮ…»

«ዝም በል። ዝም በል የኔ ልጅ» አሉና ከኋላ አንገቱን አቀፉት። በሰው ፊት አለቀሱ፤ አላፈሩም።

ከዚያ ወረዱ። ተሳፋሪዎቹ በካርቶንና በእጃቸው አፈር እያመጡ ናፍጣው ላይ ሲደፉ፣ ሽማግሌው ከኩርባው በላይ ወዳለው ቀጥታ መንገድ ወገባቸውን ይዘው ወጡ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሚኒባስ እየተምዘገዘገ ሲመጣ ኮታቸውን አውልቀው እያወዛወዙ መንገድ ላይ ቆሙ። መኪናው ጎማው እየጮኸ ቆመ። ሹፌሩ ድሮ ረዳታቸው የነበረው፣ «ቀዩ» የሚሉት ጎልማሳ ነው። ከኋላውም ሌላ ሚኒባስ ደርሶ ቆመ።

«ሊቀ ኩርባ! ምን ሆነው ነው? በሰላም?»

«ናፍጣ ፈሷል» ብለው ማለፍ ይችሉ ነበር። ቀዩም አመስግኖ ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ክብራቸውም እንደተከበረ ይኖራል። ግን ነገስ? ነገ ናፍጣውም አይኖርም፣ እሳቸውም መንገድ ላይ አይቆሙም፤ ድንጋዩ ግን ይኖራል።

«ናፍጣ ፈሷል» አሉ። «ናፍጣው ባይፈስም ግን በዚህ ፍጥነት መግባት የለብህም። የኋላ በርህን ክፈት።»

«ለምን?»

«ድንጋዩን ላውርደው። ያስተማርኩህ ስህተት ነው።»

ቀዩ የቀለዱ መስሎት ሳቀ። ፊታቸውን ሲያይ ግን ሳቁ ጠፋ። «እንዴ አባታችን! ያስጫኑን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ነኝ። ሰበቡ እኔ ነኝ፣ አውራጁም እኔው ልሁን። ድንጋይ ማንንም አይዝም፤ የሚይዘው ጎማው ነው፣ ጎማውም የሚይዘው ቀስ ያልክ እንደሆነ ነው። ከአሁን በፊት አላውቅም ነበር፤ ትናንት ምራቴ አሳየችኝ። ዛሬ ልጄ በዚህ ኩርባ ላይ ሊቀርብኝ ነበር፤ ትናንት ባትነግረኝ ኖሮ ይኼኔ ከገደሉ ሥር ነበርን። አንተም እናት አለህ።»

ቀዩ ወርዶ በሩን ከፈተ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው የድንጋዩን አንድ ጫፍ ያዙ፣ እሱም ሌላውን ያዘ፣ ተጋግዘው ከመንገዱ ዳር አወረዱት። ከኋላ የቆመው ሹፌር ጡሩምባውን ሲነፋ ቆይቶ ተናድዶ ወረደና «ምንድን ነው እዚህ የሚሠራው?» ሲል ጮኸ።

ሊቀ ኩርባ እጃቸውን በኮታቸው ጠረጉ። «ና» አሉት፣ «አንተም ስማ።»